ታርጋ ያለው ጋሪው ነው፤ ፈረሱስ?

ለከተማችን አስተዳደር ማዘጋጃ ቤት
ለከተማችን የእንስሳት ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የጋሪ ፈረሶችን ጤናና አያያዝ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በየዓመቱ የጋሪ ታርጋ ስናሳድስ የምንሞላው ቅጽ የባለቤቱን ስም፣ የሚኖርበትን ቀበሌ፣ የጋሪውን ቀለምና የጎማውን ሁኔታ ይጠይቃል። ስለ ፈረሱ ግን አንድም ጥያቄ የለውም። ዕድሜው ስንት ነው፣ ክትባት ወስዷል ወይ፣ ጀርባው ላይ ቁስል አለ ወይ የሚል መስመር ብትፈልጉ አታገኙም። ጋሪው ቢሰረቅ በታርጋው ይፈለጋል፤ ፈረሱ ታሞ አስፋልት ዳር ተጥሎ ቢገኝ ግን የማን እንደሆነ የሚመሰክር ወረቀት በየትኛውም ክፍል የለም። ብረቱንና እንጨቱን መዝግባችሁ የሚጎትተውን ትታችኋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ቅጽ እንዲለወጥ ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣው ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

እኔ ባለ ሁለት ጋሪ ነኝ። አንዱን ራሴ እነዳለሁ፤ ሁለተኛውን የሚነዳልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ፈረሶቼ ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛውን የያዝኩት ሁለቱ በፈረቃ እንዲያርፉ ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ከአባቴ የቀሰምኩትን፣ የእንስሳት ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትንና በየቀኑ ጋሪ ተራ ላይ የማየውን ነው።

ከዚህ በፊት ጉዳዩን በቃል ያቀረብን ባለጋሪዎች የተሰጠን መልስ «ፈረሱ የግል ንብረታችሁ ነው፤ ራሳችሁ ተንከባከቡት» የሚል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ማብላት፣ ሰኮና ማጽዳት፣ ቁስል ማጠብ የእኛ ሥራ ነው፤ ስለ እርሱም ወረድ ብዬ ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አለኝ። ግማሹ ግን ከአንድ ሰው አጥር ውስጥ የሚቀር አይደለም፤ የምሟገተውም በዚህኛው ግማሽ ላይ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ፈረስ የሚፈጀውን በሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐኪሞች የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ይሉታል። ማታ ገለባውን ሲበላ የነበረ ፈረስ በማግሥቱ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፤ ከአፍንጫው ነጭ አረፋ ይወጣል። በሽታው በሳንባው የገባበት ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም፤ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። በንክኪ አይተላለፍም። ከታመመው ወደ ጤነኛው የምታደርሰው ዓይን በቅጡ የማያያት ደም መጣጭ ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ በርጥብ ጭቃና በፍግ ውስጥ ትራባለች፣ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። እንግዲህ የእኔ ፈረስ ተከትቦ የጎረቤቴ ሳይከተብ ቢቀር፣ ወይም ከቧንቧ የሚፈሰው ውኃ በመንደሩ መሐል ረግረግ ሠርቶ ቢከርም፣ ይህ የማን የግል ንብረት ጉዳይ ነው?

ክትባቱ ባሕር ማዶ የሚሠራ ቢሆን አዝን ነበር እንጂ አልቆጣም። የሚመረተው ግን ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ነው። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባቶችን ጥራት የሚያስመረምርበት ማዕከልም እዚያው ቢሾፍቱ ነው። ከእኛ ከተማ በጠዋት የተነሣ ሰው ቢሾፍቱ ጉዳዩን ፈጽሞ ለምሳ ይመለሳል። ያም ሆኖ ክትባቱ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ፈረስ መሞት ከጀመረ፣ ወሬው ከተሰማ፣ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከተጻጻፈ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የተከተበ ፈረስ መከላከያውን ለመገንባት ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ በመስከረም አጋማሽ የተወጋው ትንኟ በምትበዛበት ሰሞን ገና ጋሻ የለውም። ዘመቻው በግንቦት፣ ቢዘገይ በሰኔ መጀመሪያ መካሄድ አለበት።

«ለምን በግላችሁ ገዝታችሁ አታስወጉም?» ትሉ ይሆናል። ክትባቱ ደርቆ በብልቃጥ የሚመጣ ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ፈረስ ይበቃል፤ አንዴ ከተበጠበጠ ግን በሰዓታት ውስጥ ካልተወጋ ይበላሻል። እስኪበጠበጥም ድረስ ቅዝቃዜው መጠበቅ አለበት። ለሦስት ፈረስ ብዬ ብልቃጥ ከፍቼ የቀረውን ልደፋው ነው? በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በርከት ያሉ ፈረሶች ሲሰበሰቡ ብቻ ነው ሥራው የሚሠራው፤ ይህን ደግሞ መጥራት የሚችለው መዝገብ ያለው አካል ነው። እናንተ መዝገቡ አላችሁ፤ ፈረሱ ግን የለበትም። በከተማው ስንት የጋሪ ፈረስ አለ ብላችሁ ብትጠየቁ የጋሪውን ቁጥር ትናገሩ ይሆናል። እንደ እኔ ባለ ሁለት ጋሪና ባለ ሦስት ፈረስ የሆነ ሰው ሲኖር፣ በአንድ ፈረስ ሁለት ጋሪ የሚያሠራም ሲኖር፣ በዚያ ቁጥር ክትባት ማዘዝ አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቫይረሱ ዘጠኝ ዓይነት አለው፤ አንዱን ዓይነት የሚከላከል ክትባት ሌላውን ላይከላከል ይችላል። ስለዚህ ተከትቦ የሞተ ፈረስ ሲገኝ «ክትባቱ አይሠራም» እየተባለ በጋሪ ተራ ወሬ ከመናፈሱ በፊት ከሬሳው ናሙና ወስዶ ወደ ምርመራ መላክ የጽሕፈት ቤቱ ድርሻ ነው። አንዴ የተናፈሰ ወሬ የሚቀጥለውን ዓመት ዘመቻ ባዶ ሜዳ ያደርገዋል።

ሁለተኛው በሽታ እንደ መጀመሪያው ፈጥኖ አይገድልም፤ ቀስ እያለ ይበላል። በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ ከቆዳ ሥር ገመድ መስሎ ይወጣል፤ በየቦታው ይቋጠራል፤ ከዚያ እየፈረጠ ያዣል። ሐኪሞች ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ ይሉታል፤ የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር በሚሆኑ ሞቃትና ርጥበት ያላቸው ከተሞች ይበረታል፤ ከተማችን እዚሁ ውስጥ ናት። በክፍት ቁስል፣ በዝንብ፣ መግሉ በነካው የጋሪ ዕቃ ይተላለፋል። ገና በአንድና በሁለት እብጠት ሳለ የተያዘ ፈረስ በአዮዲን ሕክምና ሊድን ይችላል፤ ሰውነቱን ካዳረሰው በኋላ ግን ተስፋው መንምኗል። ሆኖም ሁኔታው የከፋበትን ፈረስ ባለቤቱ ከጋሪ ፈትቶ ለገበያ ያቀርበዋል፤ ገዢው ርካሽ አገኘሁ ብሎ በሌላ መንደር ይጭንበታል። በሽታው ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚዞረው በእናንተው ታርጋ ሥር ነው፤ ጋሪው ያው፣ ታርጋው ያው፣ ፈረሱ በየወሩ ሌላ። ፈረሱ በመልኩ፣ በምልክቱና በዕድሜው ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሽያጭ እንዲህ በቀላሉ አይካሄድም ነበር።

ስለ በጋለ ብረት መተኮስም ላንሣ። ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አባቶቻችን አድርገውታል። ፈንገሱን ግን አያጠፋውም፤ በነበረው ቁስል ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል፣ ዝንብ ይጠራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም እንደዚያው ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠብ ከሁለቱም ይሻላል፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም።

ወደ ውኃው ልምጣ። በሙቀት ውስጥ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ በቀን ከ30 ሊትር በላይ ውኃ ይፈልጋል፤ በእኛ መለኪያ አንድ ጀሪካን ተኩል ማለት ነው፤ አንዳንዴም ሁለት። በጋሪ ተራው አካባቢ ግን አንድ ቧንቧ የለም። ቅርብ ያለው ቦኖ ሰልፍ ያለበት ነው፤ ሴቶች እንስራና ጀሪካን ይዘው በተሰለፉበት ፈረስ እየጎተተ የሚገባ ባለጋሪ የሚሰማውን ስድብ ይገባዋል። ስለዚህ ፈረሱ ማለዳ ቤቱ የጠጣውን ይዞ እስከ ማታ ይውላል። በዚህ ላይ «የላበው ፈረስ ውኃ ከጠጣ ይታመማል» የሚለው አጉል እምነት ተጨምሮ፣ ውኃ ባለበትም የሚከለክል አለ። የላበ ፈረስ ውኃ ስለጠጣ አይሞትም፤ የሚጎዳው መጠማቱ ነው። በአንድ ጊዜ እንዳያግበሰብስ ከተፈለገ ትንሽ አጠጥቶ፣ ጥቂት አራምዶ፣ ደግሞ ማጠጣት ነው።

የምንጠይቀው ሐውልት የመሰለ የውኃ ገንዳ አይደለም። እንዲያውም የጋራ ገንዳ ባይሠራ እመርጣለሁ፤ ሠላሳ ፈረስ አፍንጫውን የሚነክርበት ውኃ ጉንፋንና ሌላውን የመተንፈሻ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዳርሳል። አንድ ቧንቧ፣ ከሥሩ የሲሚንቶ ወለልና ፍሳሹን የሚወስድ ቦይ ይበቃል፤ ባልዲውን እያንዳንዳችን እናመጣለን። የውኃውን ሒሳብ በማኅበራችን በኩል ለመክፈል ፈቃደኞች ነን። ጥላም ያስፈልጋል። በጋሪ ተራው የነበሩት ሁለት ዛፎች መንገድ ሲሰፋ ተቆርጠዋል፤ ምትክ ይተከላል የተባለው እስካሁን አልተተከለም።

የክሊኒኩን ሰዓት በተመለከተ አጭር ነገር ነው የምለው። የእንስሳት ክሊኒካችን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ የጋሪ ሥራ የሚደራው ደግሞ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ፈረሱን ፈትቶ ክሊኒክ ደጃፍ የሚያቆም ባለጋሪ የቀኑን ግማሽ ገቢ ያጣል፤ ስለዚህ የሚመጣው ፈረሱ መቆም ሲያቅተው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ አለበለዚያም እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢከፈት የምታዩት ሕመምተኛ ሌላ ይሆናል፤ የሚድን ዓይነት። እንስሳ ማቆሚያው አጥርም ለከብት የተሠራ ነው፤ ፈረስ በእግሩ ሲመታ የሚከላከል አግድም እንጨት የለውም። ባለሙያዎቻችሁ ፈረስ የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ ፊቴን ወደ ሙያ ጓደኞቼ ላዙር፤ ጽሕፈት ቤቶቹም ቢያነቡት አይከፋም።

ወንድሞቼ፣ መጀመሪያ ስለ ክፍያው። አብዛኛው ጋሪ ባለቤቱ ሌላ፣ ነጂው ሌላ ነው። ነጂው ማታ ማታ የተቆረጠለትን ገንዘብ ለባለቤቱ ያስገባል፤ ከዚያ የተረፈው የእርሱ ነው። ሒሳቡን ተመልከቱት፤ ነጂው የሚተርፈው ከመጨረሻዎቹ ጉዞዎች ነው፤ ፈረሱ በደከመበት ሰዓት ማለት ነው። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አምስት የሚጫነው፣ ሲሚንቶ ከነአሸዋው በአንድ ጉዞ ካልሄደ የሚባለው ለዚህ ነው። ልጁን «አትግረፈው፣ አትጫንበት» ብሎ መቆጣት ብቻውን ከንቱ ነው። እኔ የተቆረጠውን ትቼ ለልጁ ከዕለቱ ገቢ ድርሻ እሰጠዋለሁ፤ ፈረሱ ያረፈበት ቀንም ትንሽ ነገር አለው። ከፊሎቻችሁ እንደሳቃችሁብኝ አውቃለሁ። ፈረስ በየዓመቱ ከመግዛት ግን ይረክሳል።

ስለ መኖ። የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ እንደ በሬ በአንድ ጊዜ ሞልቶ በኋላ ማመስኳት አይችልም። ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እንዲግጥ የተፈጠረ እንስሳ ነው። እኛ ግን ቀኑን በባዶ ሆዱ አውለን ማታ ባልዲ ሙሉ ፉርሽካ እናቀርብለታለን። ቁርጠት የሚመጣው ከዚህ ነው። በየማረፊያው እፍኝ ድርቆሽ ወይም እርጥብ ሣር ይዞ መዞር ይቻላል፤ ፉርሽካውም ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በውኃ ርሶ ቢሰጥ ጥሩ ነው። ፋጉሎና ገብስ የሚጨምር ሰው መጠኑን በሳምንት ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳድግ። የጤፍ ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ጋሪ አይጎትትም። የጨው ነገርም አይረሳ፤ የሚያልበው ፈረስ ላቡ ጨውን ይዞ ነው የሚወጣው።

ከምግቡ የባሰው ፌስታል ነው። ገበያው ሲበተን ፈረሱን ፈትተን ቆሻሻ መጣያው ላይ እንለቀዋለን፤ የሽንኩርቱን ቅጠል ሲለቅም ጨው የነካውን ፌስታል አብሮ ይውጣል። ፌስታል አይፈጭም፣ አይወጣም፤ አንጀት ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ፈረስ ደግሞ ማስታወክ አይችልም።

ቁርጠት የያዘው ፈረስ ጎኑን ደጋግሞ ያያል፣ መሬት በእግሩ ይጭራል፣ ይተኛል ይነሣል፣ ይንከባለላል፣ ሳይሠራ ያልበዋል። ያን ጊዜ አረቄ ወይም ዘይት በጠርሙስ በጉሮሮው ማንቆርቆር ይቅር። ወደ ሳንባው ይገባና ከቁርጠቱ የተረፈው በሳንባ ምች ይሞታል። መኖውን አንሡ፣ በእርጋታ አራምዱት፣ ሐኪም ጥሩ። ሐኪሙ ሲደወልለት የሚጠይቀው የልብ ምቱን ነው፤ ከመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ላይ ሁለት ጣት አስቀምጦ መቁጠር ይቻላል። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከ60 ካለፈና ድዱ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ለነገ የሚባል አይደለም። የሰውነቱ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ነው። በደህና ጊዜ መቁጠር ያልለመደ ሰው በጭንቅ ጊዜ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ሞክሩት።

ስለ ገጣባ ብዙ ማለት አያስፈልግም ነበር፤ ግን ጋሪ ተራው ላይ ካሉት ፈረሶች ጀርባ ላይ ግላሱን ብታነሡ የምታዩትን ታውቁታላችሁ። ጥፋቱ የማዳበሪያ ጆንያው ነው። ጆንያ ላብ አይመጥም፤ ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ ቆዳውን ይልጠዋል። ናይለን ገመድም እንደ መጋዝ ይቆርጣል። አሮጌ ባና ወይም የጥጥ ብርድ ልብስ ቁራጭ ደርቦ ከሥሩ ማድረግ፣ የደረቱንም ማሰሪያ ሰፋ ባለ ቆዳ ወይም በጨርቅ በተጠቀለለ መቀነት መሥራት ነው። ማታ ማታ ታጥቦ ይሰጣ። አንዱ ፈረስ የለበሰውን ዕቃ ሌላው አይልበስ፤ ያንን ፈንገስ አስቡት። የቆሰለ ጀርባ ደግሞ የሚድነው ሸክም ሲነሣለት ብቻ ነው፤ ቅባቱን ቀብቶ መልሶ መጫን ገንዘብ መጣል ነው።

ልጓማችሁን አውጥታችሁ በጣታችሁ ዳብሱት። በከተማችን የሚሸጠው አብዛኛው ልጓም ከፌሮ ቁራጭ የተበየደ ነው፤ ብየዳው ሳይሞረድ ይቀራል። ያንን ነው ምላሱ ላይ የምንጭነው። ከዚያ «አፈ ደንዳና ነው» እንለዋለን። ብረቱን ሞርዶ ማለስለስ ለብየዳ ቤት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰኮናውን ጠዋትና ማታ አንሥታችሁ እዩ። በሽንትና በፍግ ውስጥ ቆሞ ያደረ ፈረስ ሰኮናው መሐሉ ይበሰብሳል፤ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በሚያውቅ ሰው ይከርከም። ምስማር የወጋው ሰኮና ሲገኝ ምስማሩን ነቅሎ ዝም ማለት አደገኛ ነው፤ ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ ከብዙ እንስሳት ይልቅ የተጋለጠ ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ዕድሜም አለ። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን መለወጥ የሚጀምረው በሁለት ዓመት ተኩል ግድም ነው፤ ለውጦ የሚጨርሰው በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ጥርሱን ያልጨረሰ ፈረስ አጥንቱንም አልጨረሰም። ነጋዴው «አምስት ዓመቱ ነው» ቢላችሁ ከንፈሩን ገልጣችሁ እዩ። የነጋዴውን አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ዋናው መንገድ ዳር፣ ከከተማው መውጫ በስተቀኝ ባለው ሜዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ የተጣሉ ፈረሶች አይጠፉም። እግሩ የተሰበረ፣ ዓይኑ የጠፋ፣ ሰውነቱን ቁስል ያለበሰው፣ ያረጀ። ከፊሎቹ ሌሊት አስፋልት ላይ ወጥተው ይቆማሉ፤ በዚህ ሳቢያ የሚመጣውን አደጋ ትራፊክ ፖሊስ ያውቀዋል። ከፊሎቹን በቁማቸው ጅብ ይጀምራቸዋል። ባለቤቶቹን አረመኔ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ግን አብዛኛው ሰው «ያበላኝን ፈረስ በእጄ አልገድልም፤ ኃጢአት ነው» ይላችኋል። ፈረስ ሥጋው አይበላ፤ ቄራ አይወስደው። መቅበሪያ ቦታም የለም፤ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ የሚያስቆፍርበት ስፋት ያለው ማን ነው? ስለዚህ ሜዳው ይቀራል፤ ሌሊት ወስዶ መልቀቅ።

እኔም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ። ከጅብና ከመርፌ ኃጢአቱ የቱ ይበልጣል ብዬ ግን ለመምረጥ አልቸገርም። ማገገም የማይችል ፈረስ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ የሚደረግበት አገልግሎት ይኑር፤ ከከተማው ውጭም ከውኃ መውረጃ የራቀ የመቅበሪያ ጉድጓድ ይከለል። ዋጋ ይቆረጥለት፤ ታርጋ ስናሳድስ አብረን እንክፈለው። ያን ጊዜ መዝገብ ካለ፣ ሜዳ ላይ የተገኘው ፈረስ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ መቅጣትም ፍትሐዊ ይሆናል። አሁን ባለው ሁኔታ ግን ቅጣት ይጣል የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም፤ መውጫ በር ሳይከፍቱ ዙሪያውን በግድግዳ መዝጋት ይሆናል።

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አደባባያችን በፈረስ ስም ይሞላል፤ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ፣ አባ መላ። ማዘጋጃ ቤታችንም ለበዓሉ ፈረስ ከእኛ ይዋሳል። ባለፈው በዓል ሰልፉን የመራው ፈረስ በማግሥቱ ጠዋት ብሎኬት ሲጎትት አይቼዋለሁ፤ አንገቱ ላይ ያለው ባለሦስት ቀለም ጥብጣብ ገና አልተፈታለትም ነበር። መሥራቱ አይደለም የከነከነኝ፤ ፈረስ ይሠራል። ለሰልፉ ሲባል በደንብ የታጠበ ጀርባው ላይ ያለው ገጣባ በግልጽ ይታይ ነበር፤ በመድረኩ ላይ ከተቀመጡት እንግዶች አንድም ሰው አላነሣውም። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የሚሰበሰበው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ቆይቷል፤ ፈረሰኛውን በማኅበር ማደራጀት ይቻላል ማለት ነው። የእኛ ማኅበር እስካሁን የሚታወቀው በዕቁቡና በታሪፍ ጭቅጭቁ ነው። ይህንንም ለራሳችን እላለሁ።

በተግባር የምጠይቀው ይህ ነው። በሚቀጥለው የታርጋ እድሳት ቅጹ ላይ የፈረሱ ቀለምና ምልክት፣ ፆታና በጥርስ የተገመተ ዕድሜ፣ የክትባት ቀን፣ የሐኪም ፊርማ ይጨመሩ። ምርመራው በጋሪ ተራው ላይ ይካሄድ፤ ባለሙያው ግላሱን አንሥቶ ጀርባውን፣ ከንፈሩን ገልጦ አፉን፣ አራቱንም ሰኮና ይይ። የቆሰለው ፈረስ ታርጋ አይከልከል፤ ቀን ይቆረጥለትና ድኖ ይመለስ። ከከለከላችሁት ባለቤቱ ደህና ፈረስ ተውሶ ይመጣል፤ ያን የማያውቅ ባለጋሪ የለም። ፈረስ ሲለወጥ ወይም ሲሸጥ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይመዝገብ። ለዚህ አዲስ ሠራተኛም አዲስ ሕንፃም አያስፈልግም፤ ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶቻችሁ በአንድ ግቢ ውስጥ ናችሁ፣ በመካከላችሁ ያለው አንድ በረንዳ ነው። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።

ባጃጅ ስለመጣ ጋሪ በራሱ ጊዜ ይጠፋል የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ሲነሣ ሰምቻለሁ። ዋናውን መንገድ ባጃጅ ወስዶታል፤ እውነት ነው። በክረምት ጭቃ ወደ ውስጥ ሰፈሮች እህል፣ ውኃና ብሎኬት የሚያስገባው ግን አሁንም ጋሪ ነው። ቢጠፋ እንኳ እስኪጠፋ ድረስ ያሉት ዓመታት ለፈረሱ ዕድሜ ልኩ ናቸው።

ቅጹን እኔና ሁለት የማኅበራችን አባላት አርቅቀነዋል፤ አንድ ገጽ ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ለማብራራት በማንኛውም ቀን ከአራት ሰዓት በኋላ መምጣት እንችላለን፤ ከዚያ በፊት ሥራ ላይ ነን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ባለጋሪ

ግልባጭ፦
ለባለጋሪዎች ማኅበር፤ ማንበብ ለማይችሉ አባላት ቅዳሜ ማለዳ ጋሪ ተራ ላይ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ
ለከተማው ትራፊክ ፖሊስ
ለእንስሳት ክሊኒኩ